አምስተኛውን ኤሲ ከመግዛትዎ በፊት

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «አዲስ አበባ ውስጥ የአንድ መሥሪያ ቤት ሰርቨር ሩም ኃላፊ ነኝ። ስድስት ራክ (ሰርቨሮች የሚደረደሩበት መደርደሪያ) አለን። ዩፒኤሱ (መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚያቆየን መሣሪያ) የሰርቨሮቹ ጭነት 20 ኪሎ ዋት ነው ይላል፤ የክፍሉ ቆጣሪ ግን 33 ያሳያል። ግድግዳ ላይ የተሰቀሉ አራት ኤሲዎች አሉን፣ እያንዳንዳቸው 24,000 ቢቲዩ። ሁሉም 18 ላይ ተደርገው ሌት ተቀን ይሠራሉ። እንዲያም ሆኖ ከላይ ያሉት ሰርቨሮች በየቀኑ የሙቀት ማስጠንቀቂያ ይልካሉ። አለቃዬ አምስተኛ ኤሲ ይገዛ ብለዋል። ሒሳብ ክፍል ደግሞ የመብራት ክፍያው በዛ ይላል። ምን ይሻላል? ውጭው ቀዝቃዛ ስለሆነ መስኮት ብንከፍትስ?»

አምስተኛውን ኤሲ አይግዙ። ቢያንስ አሁን አይግዙ። የመስኮቷን ነገር ደግሞ እንደ ቀልድ ጣል አድርገዋት ይሆናል፤ ከጠየቁት ሁሉ ቁም ነገር ያላት ግን እሷ ናት። እመለስባታለሁ።

መጀመሪያ ቁጥሮቹን እንይ። 33ን ለ20 ሲያካፍሉ 1.65 ይመጣል። ይህ ቁጥር በሙያው ፒዩኢ ይባላል። ግሪን ግሪድ የተባለ ማኅበር በ2007 እ.ኤ.አ. ያስተዋወቀው መለኪያ ነው። 1 ቢሆን ኖሮ የሚከፍሉት መብራት በሙሉ ለሰርቨር ገባ ማለት ነበር። ጉግል በራሱ ዳታ ሴንተሮች 1.1 አካባቢ ደርሷል። አፕታይም ኢንስቲትዩት በየዓመቱ በሚያደርገው ጥናት የሚያገኘው አማካይ ደግሞ ላለፉት በርካታ ዓመታት 1.6 አካባቢ ላይ ቆሟል። ስለዚህ አንገት የሚያስደፋ ነገር የለም። ብቻ በዚያ አማካይ ውስጥ እንደ ምድጃ የሚያቃጥሉ አገሮችም አሉበት። እርስዎ ያሉት አዲስ አበባ ነው። የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይኼ ነው።

በ33 እና በ20 መካከል 13 ኪሎ ዋት አለ። ሁለት ሦስቱን ዩፒኤሱና መብራቱ ይበሉታል። 10ሩ የኤሲ ነው። ዓመት 8,760 ሰዓት አለው፤ ስለዚህ ለማቀዝቀዝ ብቻ በዓመት 87,600 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ይከፍላሉ። ታሪፉ ከመስከረም 2017 ዓ.ም ወዲህ ደረጃ በደረጃ እየጨመረ ስለሆነ የሒሳብ ክፍሉ ጩኸት አይፈረድበትም።

ታዲያ ይህን ያህል ተከፍሎ ለምን ይሞቃል? በወረቀት ላይ ኤሲዎቹ ይበቃሉ። 24,000 ቢቲዩ 7 ኪሎ ዋት ነው፤ አራቱ 28 ይሆናሉ። የአዲስ አበባ ከፍታ የተወሰነ ቢቀንስባቸውም ከ20 በላይ ይቀራል። ችግሩ ግን ከቅዝቃዜው አይደለም። ያነሰዎት አየር ነው።

ሰርቨር ከፊቱ አየር ይስባል፣ ያሞቀዋል፣ በጀርባው ያስወጣዋል። 10 ዲግሪ ያሞቀዋል እንበል። በባሕር ጠለል ላይ ለአንድ ኪሎ ዋት በሰዓት 300 ሜትር ኩብ አየር ይበቃ ነበር። አዲስ አበባ ግን ወደ 2,350 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። አየሯ በሩብ ገደማ የሳሳ ነው። ከቆላ የመጣ እንግዳ እንጦጦን ሲወጣ የሚያለከልከው ለዚህ ነው፤ ሰርቨሮችዎም እንደዚያው ያለከልካሉ። የሳሳ አየር የሚሸከመው ሙቀትም ያንሳል። ስለዚህ እዚህ ለአንድ ኪሎ ዋት ወደ 400 ሜትር ኩብ ያስፈልጋል። ለ20 ኪሎ ዋት በሰዓት 8,000 ሜትር ኩብ መሆኑ ነው።

አሁን ወደ ኤሲዎቹ እንምጣ። የዚህ መጠን የግድግዳ ኤሲ በሰዓት ከ1,000 እስከ 1,200 ሜትር ኩብ ገደማ ይነፋል። አራቱ ተደምረው 5,000 አይሞሉም። ሰርቨሮቹ 8,000 ይፈልጋሉ። ጎደሎው 3,000 ከየት ይመጣል? ከራሳቸው ጀርባ ነዋ! ትኩሱ አየር በራኩ አናት ላይ ዞሮ ተመልሶ ፊት ለፊት ይገባል። አልሸሹም ዞር አሉ ነው። ከታች ያሉት ሰርቨሮች ቀዝቃዛውን ተሻምተው ይወስዳሉ፤ ከላይ ላሉት የሚደርሳቸው የጎረቤት ትንፋሽ ነው። ማስጠንቀቂያው ሁልጊዜ ከላይ የሚመጣው ለዚህ ነው። ሰርቨሮችዎ አየሩን 15 ዲግሪ የሚያሞቁ ዓይነት ቢሆኑ እንኳ 5,300 ያህል ይፈልጋሉ። ያም ቢሆን ይጎድላል።

የሪሞቱን ነገር ሳላነሳ አላልፍም፤ ቤታችንም የምንሳሳተው እዚህ ላይ ነው። 18 ላይ ስላደረጉት ኤሲው የ18 ዲግሪ አየር አያወጣም። ሪሞቱ ላይ ያለው ቁጥር ወደ ኤሲው ተመልሶ ለሚገባው አየር ነው። «ክፍሉ 18 እስኪደርስ አትረፍ» እያሉት ነው። በእርስዎ ክፍል ተመላሹ አየር 30 ገደማ ስለሚሆን 18 መቼም አይደርስም። ስለዚህ ኮምፕረሰሩ አያርፍም። 16 ቢያደርጉትም ያው ነው። የተረፈው ነገር ቢኖር የኤሲው ጥርስ ከመጠን በላይ ቀዝቅዞ የአየሩን እርጥበት ወደ ውሃ መለወጡ ነው። ያ በባልዲ የሚጠራቀመው ውሃ በሙሉ በመብራት ገንዘብ የተጨመቀ ነው።

ዛሬውኑ በጥቂት ብር የሚሠራ ሥራ አለ። ከሱ እንጀምር።

ስድስት ርካሽ ቴርሞሜትሮች ይግዙ። በሁለት ራኮች ፊት ከታች፣ ከመሃል፣ ከላይ ያንጠልጥሏቸው። ክፍሉ መሃል ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን ይርሱት፤ የሚነግርዎት ነገር የለም። ልብ የሚባለው ሰርቨሩ የሚስበው አየር ነው። አሽሬ በሚል ምህጻር የሚታወቀው የአሜሪካ የማቀዝቀዣ መሐንዲሶች ማኅበር ለዚህ አየር የሚመክረው ከ18 እስከ 27 ዲግሪ ነው። ሰርቨር ሩም እንደ ሥጋ ቤት ማቀዝቀዣ መሆን አለበት የሚለው ከድሮ የቀረ ልማድ ነው። ጃኬት ለብሰው የሚገቡ ከሆነ ገንዘብ እየባከነ ነው።

እዚህ ላይ ከፍታው ሌላም ጣጣ አለው። ሰርቨሮች በአሽሬ ምደባ ኤ1፣ ኤ2 እየተባሉ ይከፈላሉ። ኤ2 የተባለው እስከ 35 ዲግሪ ይችላል። ይህ ግን እስከ 900 ሜትር ከፍታ ነው። ከዚያ በላይ በየ300 ሜትሩ አንድ ዲግሪ ይቀነሳል። አዲስ አበባ ላይ 35ቱ 30 ይሆናል፤ የኤ1 ጣሪያ የሆነው 32 ደግሞ 27 ይሆናል። ስለዚህ ፈረንጅ አገር ያለ ሰው «እኔ እኮ 32 ላይ ነው የማሠራው» ቢልዎ አይከተሉት። ለእርስዎ ከላይኛው ሰርቨር ፊት 24 ወይም 25 ጥሩ ግብ ነው።

ቀጥሎ ቀዳዳ መድፈን። ራኩ ላይ ሰርቨር የሌለበት ክፍት ቦታ ሁሉ የትኩስ አየር በር ነው። ለዚህ የሚሸጥ መሸፈኛ አለ። ከሌለ በልኩ የተቆረጠ ፕላስቲክ ወይም ላሜራ ይሠራል። ካርቶን ለሙከራ ለአንድ ሳምንት እንጂ ለዘለቄታው አይሁን፤ እሳት ይፈራል። የኬብል ማስገቢያዎችን፣ በራኩ ጎንና በግድግዳው መካከል ያለውን ክፍተት ሁሉ ይዩ። ሥራው ያሰለቻል። ግን ብዙ ጊዜ የላይኛውን ሰርቨር ጥቂት ዲግሪ ያወርዳል፤ ያውም ያለ አንድ ዋት ወጪ።

ሦስቱን ሦስቱን ራክ ፊት ለፊት አስቀምጠዋል ወይስ ሁሉም እንደ ተማሪ ወደ አንድ አቅጣጫ ያያሉ? ሁለተኛው ከሆነ የኋለኛው ረድፍ የፊተኛውን ጭስ እየማገ ነው ማለት ነው። ጉድና ጅራት ከወደኋላ ነው ይባል የለ፤ የራክም ጉዱ ከኋላው ነው። ፊትን ከፊት፣ ጀርባን ከጀርባ ማጋጠም የሚለው ሐሳብ በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ከአይቢኤም የወጣ ነው፤ ሮበርት ሰሊቫን ከተባለው መሐንዲስ ጋር ይያያዛል። ሠላሳ ዓመት አልፎታል፣ ዛሬም ስንት ክፍል ገብቼ ተቃራኒውን አያለሁ። ራክ ማንቀሳቀስ ካልተቻለ በሁለቱ ረድፎች መካከል ከጣሪያ ወደ ታች እሳት የማያቀጣጥል ወፍራም የፕላስቲክ መጋረጃ ይስቀሉ።

ሌላም አለ። የማይሠሩ ሰርቨሮችን ይፈልጉ። ዮናታን ኩሜይና ጆን ቴይለር በ2015 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት ካዩአቸው ሰርቨሮች 30 በመቶው ለስድስት ወርና ከዚያ በላይ ምንም ጠቃሚ ሥራ ሳይሠሩ በርተው ተገኝተዋል። የእርስዎ ክፍል ውስጥም «ይኼ የምን ነበር?» ሲባል ማንም የማያውቀው አንድ ሁለት አይጠፋም። ያጥፉት። ከሰርቨር የተቀነሰ አንድ ዋት ከኤሲውም ከዩፒኤሱም ድርሻውን ይዞ ይወጣል።

አሁን ወደ መስኮቷ።

መስኮት ይከፈት አልልም። አቧራው፣ ዝናቡ፣ ሌባው አለ። ሐሳቡ ግን ልክ ነው። አዲስ አበባ በበጋው ሞቃት ወራት ቀን 25 አካባቢ ብትደርስ ነው። ሌሊቱን ከ10 እስከ 15 ነው። ለሰርቨር የምንፈልገው ከ18 እስከ 27 ከሆነ፣ ከዓመቱ ሰዓት አብዛኛውን ሰማዩ በነፃ ይሰጠናል። ድሬዳዋ ወይም ጅቡቲ ቢሆኑ ይህን አልመክርም ነበር።

የሚያስፈልግዎት አንድ ትልቅ፣ ቀስ ብሎ የሚዞር ፋን ነው። 8,000 ሜትር ኩብ በሰዓት፣ በፊልተር ውስጥ የሚያልፍበት ጫና 250 ፓስካል ቢሆን፣ ፋኑ የሚበላው ከ1 እስከ 1.5 ኪሎ ዋት ነው። ኤሲዎቹ የሚበሉት 10 መሆኑን ያስታውሱ። ፋን ሲመርጡ የካታሎጉ ሜትር ኩብ የባሕር ጠለል ስሌት እንዳያሳስትዎ፤ 8,000 ያልነው የእዚህን ስስ አየር አስቀድመን አስበን ነው። ፋኑ ፍጥነቱ የሚስተካከል ይሁን። የፋን ጠባይ ደስ ይላል፤ ፍጥነቱን በ20 በመቶ ቢቀንሱት የሚበላው መብራት በግማሽ ይወርዳል። ከዚህ የተነሳ ሁለት ፋን በግማሽ ፍጥነት ከአንድ ፋን በሙሉ ፍጥነት ይሻላል። አየሩ እኩል ነው፤ መብራቱ ግን ሩብ ነው። አንዱ ቢበላሽም ሌላው ፍጥነቱን ጨምሮ ይሸፍናል።

አየሩ በራኮቹ ፊት ይግባ፤ በራኮቹ ጀርባ ከላይ በኩል ይውጣ። መውጫውን የሚረሳ ሰው ብዙ ነው። የሚገባው አየር የሚወጣበት ከሌለው ፋኑ ግድግዳ ሲገፋ ይውላል።

በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ውጭው ከ10 በታች ይወርዳል። ያን ጊዜ ከሚወጣው ትኩስ አየር ጥቂቱን መልሶ መቀላቀል ያስፈልጋል። በሞተር የሚከፈትና የሚዘጋ በር ማለትም ዳምፐር ይህን ይሠራል። ሴንሰር ያዘዋል፤ ሰው መቆም የለበትም።

የክረምቱ እርጥበትስ? ይህ ሁሉንም ያስፈራል። የሚያስፈራውን ያህል አይደለም። ሐምሌ ላይ ውጭው 14 ዲግሪ፣ እርጥበቱ 95 በመቶ ነው እንበል። ያ አየር ወደ 20 ዲግሪ ሲሞቅ እርጥበቱ 65 በመቶ ይሆናል። የጤዛ ነጥቡ፣ ማለትም እርጥበቱ ውሃ መሆን የሚጀምርበት ሙቀት፣ 13 አካባቢ ነው፤ የአሽሬ ምክር ጣሪያ 15 ነው። ውሃ የሚጤዘው ቀዝቃዛ ዕቃ ሲያገኝ ነው፤ ሰርቨር ደግሞ ሁልጊዜ ከአየሩ ይሞቃል።

ቁጥጥሩ ከተበላሸ ግን ጉድ ይፈላል። ፌስቡክ በ2011 እ.ኤ.አ. ኦሪገን፣ ፕራይንቪል ውስጥ በውጭ አየርና በውሃ ርጭት ብቻ የሚቀዘቅዝ ዳታ ሴንተር ከፈተ። ፒዩኢው 1.07 ነበር። ያን ጊዜ የሚያስደንቅ ቁጥር ነው። በዚያው በጋ ቁጥጥሩ ተሳስቶ ከሰርቨሮቹ ጀርባ የወጣውን ትኩስና ደረቅ አየር ደጋግሞ ወደ ርጭቱ ላከው። አየሩ ውሃውን ጠጥቶ እርጥበቱ ከ95 በመቶ አለፈ። ሙቀቱም ከ26 ዲግሪ በላይ ነበር። ቤት ውስጥ ደመና ገባ ተብሎ ተወራ፤ ሰርቨሮችም ተበላሹ። እርስዎ ርጭት አያስፈልግዎትም። አዲስ አበባ ያለ እሱም ትበርዳለች፣ ውሃውም በፈረቃ ነው። ቢሆንም ዳምፐሮቹን የሚያዘው ሴንሰር አንድ ብቻ አይሁን።

የእኔ ትልቁ ስጋት አቧራና ጭስ ነው። ኢንቴል ኒው ሜክሲኮ ውስጥ ለ10 ወር ያህል 900 ሰርቨሮችን ከፍሎ ግማሹን በኤሲ፣ ግማሹን በውጭ አየር አሠራቸው። ፊልተሩ የቤት ኤሲ ዓይነት ተራ ነበር። አየሩ እስከ 32 ዲግሪ ይገባ ነበር። ሰርቨሮቹ አቧራ ለበሱ። የብልሽት መጠኑ በውጭ አየር በሚሠሩት 4.46 በመቶ ሆነ፤ እዚያው ባለው መደበኛ ዳታ ሴንተራቸው 3.83 ነበር። ልዩነቱ ብዙ አይደለም። ለንጽጽር በተዘጋጀው ባለ ኤሲ ክፍል ግን 2.45 ነበር። ይህችን ሦስተኛ ቁጥር ብዙ ሰው ሲያወራ ይዘላታል፤ እኔ አልዘላትም። ስለዚህ ፊልተር ላይ አይሰስቱ። ከውጭ ለሚገባ አየር ሜርቭ 13 የተባለውን ደረጃ ይጠቀሙ፤ ፊቱ ላይ ርካሽና የሚታጠብ ሻካራ ፊልተር ያድርጉለት። ግንባታ በማያቆምበት ከተማ የፊተኛው በየሳምንቱ ቢታይ ጥሩ ነው።

አንድ ቦታ የገጠመኝን ልንገርዎ። አየር ማስገቢያው በጓሮ በኩል ተሠርቷል። በጣም ቆንጆ ሥራ ነበር። ማንም ያላሰበው የጄኔሬተሩ ጭስ ማውጫ አራት ሜትር ርቀት ላይ መሆኑን ነው። መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሩ ተነሳ፤ ፋኑም የናፍጣ ጭሱን ጥርግ አድርጎ ወደ ሰርቨር ሩም አስገባው። የጭስ ጠቋሚው ጮኸ። እሳት ማጥፊያ ጋዙ ሊለቀቅ ሲል አንድ የጥበቃ ሠራተኛ ሮጦ አስቆመው። ያን ቀን ላብ ያጠመቀኝ፣ ኤሲ የሚያስፈልገኝ እኔ ነበርኩ። ስለዚህ ማስገቢያው ከጄኔሬተር፣ ከምግብ ቤት ጭስ ማውጫ፣ ከመኪና ማቆሚያ የራቀ ይሁን። ቢቻል ከመሬት ከፍ ይበል። የእሳት ማስጠንቀቂያ ሲጮህም ዳምፐሮቹ በራሳቸው ይዘጉ፤ አለበለዚያ ማጥፊያው ጋዝ በመስኮት ይወጣል።

መብራት መጥፋትን ካነሳን አይቀር፣ የውጭ አየር አንድ ጥቅም እዚህ ላይ ነው። ኤሲ ዩፒኤስ ላይ አይሠካም፤ ኮምፕረሰሩም መብራት ከተመለሰ በኋላ ሦስት ደቂቃ ያህል ቆሞ ነው የሚነሳ። በዚያ መሃል 20 ኪሎ ዋት ጠባብ ክፍል ውስጥ እየነደደ ነው። 1.5 ኪሎ ዋት ፋን ግን ዩፒኤሱ ይሸከመዋል። ጄኔሬተሩ አልነሳ ቢል እንኳ ሰርቨሮቹ እስከ ባትሪው መጨረሻ አየር ያገኛሉ።

አራቱን ኤሲዎች አይሽጧቸው። የጋለ ቀን ሲመጣ፣ ፊልተር ሲቀየር፣ የውጭው ጭስ ሲበዛ ይነሳሉ። ቁጥራቸውን 18 ላይ አይተዉት። የራኮቹ ፊት 26 ሲደርስ ብቻ እንዲነሱ ያድርጉ፤ ፋኑ ካልቻለ ማለት ነው። ሁሉም አንድ ዓይነት ቁጥር ላይ ይሁኑ፤ አንዱ ሲያቀዘቅዝ ሌላው እርጥበት ሲያወጣ እርስ በርስ ሲታገሉ አይቻለሁ። ደጅ ያሉት ክፍሎቻቸውም ይታጠቡ። አንዱ የሌላውን ትኩስ ትንፋሽ እየሳበ እንዳይሆንም ይመልከቱ።

ይህ ሁሉ ከሆነ ፒዩኢው 1.25 አካባቢ መውረድ አለበት። 13 የነበረው ትርፍ ጭነት 5 ይሆናል። በዓመት 70,000 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ይተርፋል። በራስዎ ታሪፍ አባዝተው ለሒሳብ ክፍል ይስጡት። ሰርቨርን በውሃ ስለማቀዝቀዝ የሰሙት ካለ ይተዉት፤ ያ ለሰው ሠራሽ አስተውሎት ለሚውሉ፣ አንዱ ራክ ብቻ ከ100 ኪሎ ዋት በላይ ለሚበላባቸው ቦታዎች ነው። የእርስዎ ስድስቱም ተደምረው 20 ናቸው።

ለአለቃዎ ሲያስረዱ ከፋኑ አይጀምሩ። ቀዳዳዎቹን ደፍነው፣ መጋረጃውን ሰቅለው፣ የላይኛውን ቴርሞሜትር በፊትና በኋላ ፎቶ አንስተው ይሂዱ። ሁለት ፎቶ ከሃያ ገጽ ሪፖርት ይበልጣል። ከዚያ ለአምስተኛው ኤሲ የተያዘው ገንዘብ ለፋኑ፣ ለዳምፐሩና ለፊልተሩ እንዲዞር ይጠይቁ። ፊልተር የሚቀይረውን ሰው ስምና ቀኑን ደግሞ በሩ ላይ ይለጥፉ፤ የማንም ያልሆነ ፊልተር በሦስተኛው ወር ይደፈናል።